አርባ ሦስት አላፊ አግዳሚ

ምሳ ላቀርብ ስገባ ጠረጴዛው ላይ ሰፈር ተዘርግቶ አገኘሁ። ሰማንያ አራት ቪላ፣ ሦስት መንገድ፣ አንድ መስጊድ፣ አንድ የልጆች መጫወቻ፤ ሁሉም ወረቀት ላይ ነው። ማዳም ማይሙና ወረቀቱ እንዳይጠቀለል ማዕዘኖቹን በእኔው የወጥ ቤት ዕቃ አስረግጣዋለች፤ አንዱን በጨው ዕቃ፣ አንዱን በሙቀጫ፣ አንዱን በድልህ ጣሳ። ለአራተኛው ማዕዘን ዕቃ አጥታ ኖሮ፣ "በለጡ፣ ነይ እስቲ ያዢልኝ" አለችኝ። በአንድ እጄ የዓሣ ጥብሱን፣ በሌላው ሰፈሩን ይዤ ቆምኩ።

ማዳም መሐንዲስ ናት። ጅቡቲ ውስጥ አዲስ ሰፈር ልሥራ ያለ ባለሀብት ዕቅዱን ለኮሚሽን ያቀርባል፤ የኮሚሽኑ ሰብሳቢ እሷ ናት። ልጅነቷን ድሬዳዋ አያቷ ቤት ስላሳለፈች አማርኛ እንደ ውሃ ትጠጣዋለች። የድሬ ሰው ደግሞ አንቱታ አይወድም፤ እኔም "ማዳም" እያልኩ አንቺ እላታለሁ። የቤት ሠራተኛዋ ከሆንኩ አሥራ አንድ ዓመት ሞላኝ። እዚያው አድራለሁ፣ እዚያው እነሳለሁ። ከሳምንቱ ውስጥ የእኔ ናት የምላት ዓርብ ከሰዓት ብቻ ናት፤ ከስምንት ሰዓት እስከ መግሪብ ሶላት።

"ተመልከቺ" አለች በቀይ እርሳሷ እየጠቆመች። "ሃያ ዓመት ዕቅድ ስመረምር ዛፍ የማይቆርጥ ሲገጥመኝ ይሄ የመጀመሪያው ነው። ቤቶቹን ወደ አንድ ጥግ ሰብስበው የመሬቱን ግማሽ እንዳለ ትተውታል። ባሕር ውስጥ የሚበቅለው ዛፍ አይነካም። ወፎቹ የሚያርፉበት ጭቃ አይነካም። ግራሮቹን ደግሞ ቆጥረው ለያንዳንዳቸው ቁጥር ሰጥተዋል። መቶ አሥራ ሁለት።"

ደስታዋ እውነተኛ ነበር። ማዳም ዛፍ ትወዳለች፤ በረንዳችን ላይ ያለችውን አንዲት ሎሚ ራሷ ናት የምታጠጣት። እኔ ግን ዓይኔ ሌላ ነገር ላይ ተተከለ። ባሕሩ ወደ የብስ ገባ ብሎ የሚጠማዘዝበት ቦታ አለ፤ ከጎኑ ትንሽ አራት ማዕዘን ተስላለች። አሮጌው የውሃ ገንዳ ነው። ስንትና ስንት ዓርብ ጀርባዬን አስደግፌበታለሁ። ዓሣው ከእጄ ሊወድቅ ምንም አልቀረውም።

ያ ከግራሮቹ ስር ያለው ቦታ የእኛ ነው። "ጥላው" እንለዋለን።

ካርቲየ 6 ከሚባለው ሰፈር ሚኒባስ ይዞ እስከ መጨረሻው ነው፣ ከዚያ ሃያ ደቂቃ በእግር። በየሰው ቤት የምንሠራ ኢትዮጵያውያን ዓርብ ዓርብ እዚያ እንገናኛለን፤ ሃምሳም ስልሳም እንሆናለን። ምን ትሠራላችሁ ብትሉኝ ምንም። ፀጉር እንሠራራለን፣ አገር ቤት እንደውላለን፣ ሳምቡሳ እንበላለን፣ ማዳሞቻችንን እናማለን። አብዛኛዋ ግን ትተኛለች። በጠራራ ቀን ጋደም ብሎ፣ "የት ገባች?" የሚል ድምፅ ሳይሰሙ ቅጠል ማየት ምን ማለት እንደሆነ የሰው ቤት የሠራ ያውቀዋል። ቀሪውን ሳምንት የምችለው ለዚያች አራት ሰዓት ስል ነው።

የጥላው ሕግ አንድ ነው፤ ማዳምሽ እንዳታውቅ። ፀዳል የምትባል የጎንደር ልጅ ነበረች፣ አንድ ቀን አፏ አዳለጣትና ለማዳሟ ነገረቻት። ከዚያ ወዲያ ዓርብ በመጣ ቁጥር መኪና እየመጣ ጡሩምባ ይነፋል፤ እንግዳ መጥቷል፣ ቶሎ ግቢ። ስልኩንማ አንዳንድ ጊዜ ባትሪ አለቀ ብለው ያመልጡታል፤ መኪናን ምን ይሉታል? እኔ ከፀዳል ተምሬያለሁ። ለማዳም ማይሙና ዓርብ የምሄደው ካርቲየ 6 አክስቴን ልጠይቅ ነው ብያታለሁ፤ እግሯን የሚያማት አንዲት አክስት ፈጠርኩ። ማዳም አሁንም ትደውላለች፣ ግን ባይሆን የት እንዳለሁ አታውቅም። ዝም አይነቅዝም።

"ይሄ ድርብ መስመር ምንድን ነው?" አልኳት።

"አጥር ነው።"

"ዛፍ የሚሰርቅ አለ እንዴ?"

ሳቀች። "ለነዋሪዎቹ ነው። በር ይኖረዋል፣ ዘበኛ ይኖረዋል። ቪላ የገዛ ሰው በካርድ ይገባል።"

"ሌላውስ ሰው?"

"ሌላ ሰው የለም።" ወፍራም ጥራዝ ገለጠች። "የሚጠቀምበት ሕዝብ ቢኖር መንገድ ክፈቱ ብዬ አስገድዳቸው ነበር። አስጠንተዋል። ይኸውልሽ፤ ዓርብ ከሰዓት፣ ተጠቃሚ፣ ዜሮ። አላፊ አግዳሚ፣ አርባ ሦስት።"

ከአርባ ሦስቱ አንዷ እኔ ነኝ።

ነገሩ የሆነው ኅዳር ላይ ነው። ጋደም ባልንበት ብርቱካናማ ሰደርያ የለበሰ፣ የመጻፊያ ሰሌዳ የያዘ ሰውዬ ከች አለብን። በኋላ እንደሰማሁት ስሙ አብዱላሂ ነው፤ ጥናቱን የሚያጠናው ድርጅት የላከው ቆጣሪ ነበር። "እዚህ ትመጣላችሁ?" አለን በሶማልኛ። ሰደርያ የለበሰ ሰው ሲጠይቅ እኛ የምናስበው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ወይ የመኖሪያ ፈቃድ ሊያይ ነው፣ ወይ አንዷ ማዳም ልካዋለች። ፋጤ ምንጣፍ ላይ በጀርባዋ ተንጋልላ "እያለፍኩ ነው" አለችው። ሀዊ ግማሽ ፀጉሯ ተሠርቶ ግማሹ እንደተበተነ "እኔም እያለፍኩ ነው" አለች። አርባ ሁለት ሴት እያለፈች ነበር። እኔ የባሰብኝ፣ "ባስ እየጠበቅኩ ነው" አልኩት። ባስ የሚያልፍበት መንገድ የሃያ ደቂቃ እርምጃ ነው። ሰውዬው እኔን አየ፣ ገንዳውን አየ፣ ከዚያ ጻፈ።

ከሄደ በኋላ ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። አሁን ማዳም ከገጹ ግርጌ ያለችውን ማስታወሻ ጮክ ብላ አነበበችልኝ፤ "ከእነዚህ አንዷ ሴት መጓጓዣ በመጠበቅ ላይ ነበረች።"

"የት ልትሄድ ይሆን?" አለች ማዳም እየገረማት።

"እኔ ምን አውቄ" ብዬ ዓሣውን ወንበር ላይ አስቀመጥኩት። ኮሚሽኑ የሚሰበሰበው ከሁለት ሳምንት በኋላ ሐሙስ ነው፤ ያን ቀን ትፈርማለች።

በማግስቱ ዓርብ ጥላው ስር ሁሉንም ነገርኳቸው። አጥሩን፣ ካርዱን፣ ዘበኛውን፣ አርባ ሦስቱንም። ከዚያ ፋጤ፣ የከሚሴዋ፣ ከመካከላችን ረጅም ዘመን የኖረችው፣ "ሌላ ጥላ እንፈልጋለን" አለች።

"ጅቡቲ ውስጥ? እዚህ አገር ጥላ ያለው ነገር ሁሉ ባለቤት አለው" አልኳት።

"ታዲያ ምን እናድርግ ነው የምትይው?"

"እንናገር። እንጠቀምበታለን እንበል።"

ሀዊ ቀና አለች። የጭሮ ልጅ ናት፤ የመኖሪያ ፈቃዷ ካለፈ ዓመት ሊሞላው ነው። "እትዬ በለጡ፣ ስማችንን ይጽፉና አንድ በአንድ ይለቅሙናል። ደግሞ ማዳሞቹ ሁሉ ቦታውን ያውቁታል። ከዚያ ጥላው ቢተርፍ ምን ሊረባን ነው? ዓርብ ዓርብ የመኪና ሰልፍ ልናይበት?"

መልስ ሳጣ እናደዳለሁ፤ አመሌ ነው። "እኔ የራሴን ማዳም እነግራታለሁ፣ የራሴን ዓርብ ነው የማጣው" ብዬ ተነሳሁ።

"የአንዷ ማዳም የሁሉም ማዳም ናት" አለች ፋጤ ከኋላዬ። "ሠርግ ላይ ይገናኛሉ።"

ልክ ነበረች፤ እሱ ነው የበለጠ ያናደደኝ። መንገዱን ሙሉ ከራሴ ጋር ስጣላ ሄድኩ። ዝም ካልኩ ጥላውን በአጥር እናጣዋለን፣ ከተናገርኩ በማዳም እናጣዋለን። በአጥሩ ከጠፋ ግን ለዘላለም ነው። ማዳምማ ትሞታለች፤ እግዜር ዕድሜዋን ያርዝመውና።

ቅዳሜ ጠዋት ሎሚዋን ስታጠጣ ሄጄ አጠገቧ ቆምኩ። "ማዳም፣ ባስ ስትጠብቅ የነበረችው እኔ ነኝ" አልኳት።

ሁሉንም እስክጨርስ ውሃው በእግሯ ላይ ይፈስ ነበር። ስጨርስ መጀመሪያ የጠየቀችኝ ስለ ዕቅዱ አልነበረም።

"አክስትሽስ?"

"አክስት የለኝም።"

"እግሯን የሚያማት?"

"የለችም፣ ማዳም።"

"ለዒድ በየዓመቱ የላክሁላት ሥጋስ?"

"ጥላው ስር በላነው። እጅሽ ይባረክ ብለናል፣ ሁሉም።"

የውሃ ጎማውን ጣለችና በረንዳው ደረጃ ላይ ተቀመጠች። የምትቆጣ መስሎኝ ነበር፤ ብትቆጣ በተሻለኝ። ፊቷ ላይ ያየሁት ሐዘን ነው። "ባለፈው ረመዳን ዶክተር ልላክላት ብዬሽ ነበር እኮ" አለች። "ለምን አልነገርሽኝም? አሥራ አንድ ዓመት?"

"የት እንዳለሁ ብታውቂ ትመጪብኝ ነበር።"

"አልመጣብሽም ነበር።"

ባለፈው ወር ብቻ ሦስት ዓርብ ደውላ ጠርታኛለች፤ አንዱን ለእንግዳ፣ አንዱን ቁልፍ ጠፍቶባት፣ አንዱን ለምን እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም።

"አሁን ስሚኝ" አለች በመጨረሻ፣ በመሥሪያ ቤት ድምፅዋ። "ሠራተኛዬ ነገረችኝ ብዬ መጻፍ አልችልም፤ ይስቁብኛል። ድጋሚ ቆጠራ ማዘዝ ግን እችላለሁ። የራስ ስም ብቻ፤ ፈቃድ አይጠየቅም፣ የማን ቤት እንደምትሠሩ አይጠየቅም። በመጪው ዓርብ ቆጣሪው ይመጣል። ግን እንደገና እያለፍን ነው ካላችሁት እፈርማለሁ። ዕቅዱ በእውነት ጥሩ ነው፣ በለጡ። ከዚህ ጥሩ አይመጣም።"

ሳምንቱን ሙሉ በስልክ ሴቶቹን ስለምን ከረምኩ። ፈቃድ አይጠየቅም፣ አሠሪ አይጠየቅም እያልኩ። አንዳንዷ "እሺ" አለችኝ፣ አንዳንዷ ገና ስሜን ስታይ ዘጋችብኝ።

ዓርብ ምሳውን ቀደም ብዬ ጨርሼ በስምንት ሰዓት ደረስኩ። ማንም የለም። ገንዳውን ተደግፌ ተቀመጥኩ። መቶ አሥራ ሁለት ግራር ብቻዬን አገኘሁ ማለት ነው፤ ቪላ ብገዛ እንኳን ይህን ያህል አይደርሰኝም። ስምንት ተኩል ላይ ፋጤ መጣች፣ ከኋላዋ አሥር ያህል ሴቶች አስከትላ። ማንም ምንጣፍ አላነጠፈም፤ ሁላችንም ለቅሶ ቤት እንደመጣ ሰው እጃችንን አጣምረን ቆምን። ሀዊ የለችም። ፈቃዷ ያለፈባት ናትና አልፈረድኩባትም።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ አብዱላሂ በሰደርያው መጣ። እኔን ሲያይ አልረሳኝም።

"ባሱ መጣ?"

"ቀረ" አልኩት።

ሰሌዳውን አወጣ። ስም? በለጡ። ስንት ጊዜ ትመጫለሽ? በየዓርቡ። ከመቼ ጀምሮ? አሥራ አንድ ዓመት። ምን ታደርጊያለሽ? እተኛለሁ።

"እንቅልፍ ብዬ ልጻፍ?"

"እንቅልፍ ብለህ ጻፍ።" ሆን ብዬ ጮክ እያልኩ ነበር የምመልስለት፤ ሌሎቹ እንዲሰሙ። ከዚያ ወደ ፋጤ ዞረ። ፋጤ መሬት መሬቱን ታያለች። ስሟን ሁለት ጊዜ ጠየቃት። "እያለፍኩ ነው" የሚለው ቃል ከንፈሯ ላይ ደርሶ አየሁት። አንድ ጊዜ ካለችው ሁሉም ይከተላታል። ላንቃት ምንም አልቀረኝም።

ያን ጊዜ ከገንዳው ጀርባ ሀዊ ብቅ አለች። ለካ ከእኔ በፊት መጥታ ተደብቃ ኖሯል። ሽቦ ላይ የምትራመድ እስኪመስል እየተጠነቀቀች መጣችና ሰውዬው ፊት ቆመች።

"ሀዊ እባላለሁ። ሦስት ዓመት ሆነኝ። እያለፍኩ አይደለም፣ እዚህ ነው የምመጣው።"

እኔ ሰው ፊት አላለቅስም። ያን ቀን ግን ዓይኔን በሻሼ ጠርጌ "ንፋሱ" አልኩ። ንፋስ አልነበረም።

አብዱላሂ ጻፈና ወደ መጨረሻው ጥያቄ ሄደ። "እዚህ እንዳትመጪ የሚያግድሽ ምንድን ነው? ፀሐይ፣ ርቀት፣ ትራንስፖርት፣ ፀጥታ?"

"ማዳም ስትደውል።"

"እሱ ሣጥን የለውም።"

"ሣጥን ሥራለት" አለችው ሀዊ።

ሰውዬው ትንሽ አሰበ። ከዚያ በእስክሪብቶው ሣጥን ሣለና ውስጡ ምልክት አደረገ። ፋጤ በክርኗ ገፋ አድርጋኝ ወደፊት ወጣች። "ፋጤ በል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት። እኔም እዚያች ሣጥን ውስጥ ነኝ።"

ከዚያ በኋላማ ማን ያስቆመን። ሚኒባሱ ማቆሚያ ጋ ቆመው ፖሊስ ይመጣ እንደሆነ ሲጠብቁ የነበሩት ፋጤ ስትደውልላቸው እየሮጡ መጡ። ሰውዬው ወረቀት አልቆበት የመልስ ወረቀቱን ጀርባ ተጠቀመ። ሲጨርስ ሃምሳ ስምንት ሆንን። ሃምሳ ስምንታችንም ለመጨረሻው ጥያቄ የመለስነው አንድ መልስ ነው። ሲሄድ ሳምቡሳ ሰጠነው። ምንጣፉን አነጠፍን፤ ሀዊ ጭንቅላቷን ጭኔ ላይ አድርጋ እስከ መግሪብ ተኛች።

ስብሰባው ሐሙስ ነበር። ማዳም ከሰዓት በኋላ ገባች፤ ቦርሳዋን እንኳን ሳታስቀምጥ ወጥ ቤት መጣች። እዚያ ብዙ አትመጣም፤ የት እንደምትቆም ግራ ገብቷት ማቀዝቀዣውን ተደገፈች።

"ዘጠኝ ሰው ነበርን" አለች። "ሁሉንም አነበብኩላቸው። የመጨረሻው ጥያቄ ላይ ስደርስ የባለሀብቱ ጠበቃ፣ ይሄ ከዕቅዱ ጋር ግንኙነት የለውም፣ እንለፈው አለ። ሰብሳቢ ነኝ፣ አነባለሁ አልኩት። ሃምሳ ስምንቱንም አንድ በአንድ አነበብኩ። ማዳም ስትደውል። ማዳም ስትደውል። ማዳም ስትደውል።"

"ምን አሉ?"

"ማን ምን ይላል? ዘጠኛችንም የቤት ሠራተኛ አለን። አንደኛው ስልኩን ገልብጦ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ሌላዋ ውሃ ጠጣች።"

"አጥሩስ?"

"ቤቶቹን ብቻ ይከባል። ከመንገዱ እስከ ባሕሩ ሰፊ መተላለፊያ ክፍት ሆኖ ይቀራል፤ ግራሮቹ የሁሉም ናቸው። በር የለም፣ ካርድ የለም። ፈርሜያለሁ፣ እነሱም ፈርመዋል።"

እጄ ላይ የነበረውን ሽንኩርት አስቀምጬ ወደ ሰማይ አየሁ፤ ጣራውን ማለቴ ነው። ላቅፋት አሰብኩና እጄ ሽንኩርት ሽንኩርት ስለሚል ተውኩት። ማዳም ግን አልሄደችም።

"ከሃምሳ ስምንቱ የአንዷ ማዳም እኔ ነኝ" አለች።

"አዎ።"

አንገቷን ነቀነቀች። ቆየት ብላ፣ ሌላ ወሬ እንደምታነሳ ሰው፣ "ነገ የባለቤቴ ወንድሞች ከታጁራ ይመጣሉ። ለእራት ይቆያሉ" አለች።

አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እንዲህ ያለች ጊዜ የምመልሰው መልስ አንድ ነበር። አፌ ሊለው ተከፍቶ ነበር። ከዚያ ሀዊ ትዝ አለችኝ፣ ከገንዳው ጀርባ ብቅ ስትል።

"ምሳውን ሠርቼ በስምንት ሰዓት እወጣለሁ፣ ማዳም።"

"እና ብደውልልሽ?"

"አላነሳም።"

ተያየን። እንዲህ ብያት አላውቅም፤ እሷንም፣ ማንንም። ማዳም ከማቀዝቀዣው ተላቀቀችና ቁምሳጥኖቹን አንድ በአንድ አየቻቸው፣ የሰው ቤት የገባች ይመስል።

"እንግዲያው" አለች፣ "ሩዙ የት እንደሚቀመጥ አሳዪኝ።"